ቢዝነሳችሁ ለምን እንዳለ ማወቅና በእሴት መምራት፦ ደረጃ በደረጃ

ቦሌም ሂዱ ሜክሲኮም ሰንጋ ተራም፣ አንድ ቢሮ ስትገቡ ከሪሴፕሽን ጀርባ "ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች" የሚል በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አታጡም። ታማኝነት፣ ጥራት፣ የቡድን ስራ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ምናምን። እስቲ ከስሩ የተቀመጠችውን ልጅ ዞር ብላ ሳታይ በቃሏ እንድትነግራችሁ ጠይቋት። ትስቃለች። አይፈረድባትም፣ ማናጀሩም አያውቀውም እኮ፤ ለባንክ ብድር ወይ ለጨረታ ፕሮፋይል ሲዘጋጅ ከሌላ ድርጅት ተገልብጦ የተሰቀለ ነው።

ኤንሮን የሚባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያም እኮ አራት ያማሩ እሴቶች ነበሩት፦ መከባበር፣ ሐቀኝነት፣ በግልጽ መነጋገር፣ ልህቀት። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2001 በሂሳብ ማጭበርበር ጉድ ወጥቶበት ከሰረ። ስለዚ እኔ እሴት የምለው ብር እያስወጣችሁ እንኳን የማትተዉትን ነገር ብቻ ነው። ሌላው የግድግዳ ጌጥ ነው፣ ጌጥም ክፉ አይደለም፣ ግን መመሪያ አያስፈልገውም።

ይሄን የምጽፈው ከ3 እስከ 50 ሰው ለሚያሰሩ ነው። ማተሚያ ቤት፣ ካፌ፣ አስመጪ፣ የሶፍትዌር ድርጅት፣ ክሊኒክ፣ ምንም ይሁን። ከዛ በላይ ከሆናችሁ HR (የሰው ኃይል ክፍል) አላችሁ ስለሚባል እነሱ ያውቁበታል ብዬ ላስብ።

ደረጃ 1፦ ዓላማችሁን ከራሳችሁ ደብተር ፈልጉት

ብዙ ስልጠና ላይ "ዓይናችሁን ጨፍኑና ከ10 ዓመት በኋላ ራሳችሁን እዩ" ይባላል። እኔ አይዋጥልኝም። ዓይን ሲጨፈን የሚታየው መሆን የምንፈልገው ነው፣ የሆነውን የሚያውቀው የሂሳብ ደብተሩ ነው።

አንድ ቀን ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ስልካችሁን አጥፉና ቁጭ በሉ። ያለፈውን 1 ዓመት የባንክ ስቴትመንት አውጡ፣ የቴሌብሩንም፣ ያልተሳኩትን ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች) ጭምር። ፕሮፎርማ ማንም አያይም፣ ግን እምቢ ያላችሁት ስራ ያለው እዛ ነው። ሦስት ዓይነት ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ብር እያጣችሁ እምቢ ያላችሁበት፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ ከሚጠበቅባችሁ በላይ ያወጣችሁበት፣ እና እስካሁን ትዝ ሲላችሁ የሚቆረቁራችሁ። ለእያንዳንዱ ማን ነበር፣ ስንት ብር ነበር፣ ምን ሆነ ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አትሞክሩ፣ ማስረዳት ከጀመራችሁ ራሳችሁን ማሞገስ ትጀምራላችሁ።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ፣ እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን። ፒያሳ አካባቢ ያለች 8 ሰው የምታሰራ ማተሚያ ቤት አስቡ። የምናባችን ነች፣ እንደሷ ያለች ግን ሞልታለች። ባለቤቷ ደብተሯን ስታገላብጥ የምታገኘው እንዲ ነው እንበል፦ ጥር ላይ የሙሽሪት አባት ስም ተሳስቶ የታተመ 300 የሠርግ ካርድ በራሷ ወጪ እንደገና አትማለች፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ። የታወቀ የሳሙና ብራንድ ሌብል "አስመስለሽ አትሚልኝ" ብሎ ጠቀም ያለ ብር ይዞ የመጣ ሰው መልሳለች። ለለቅሶ የሚሆን ባነር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ በዱቤ ሰርታ ሰጥታለች፣ ዱቤው እስካሁን አልተከፈለም። የሚቆረቁራት ደግሞ አንድ የምርቃት መጽሔት ነው፣ ምርቃቱ ካለፈ በሁለተኛው ቀን ያስረከቡት።

አያችሁ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ምርቃት። ሴትየዋ ወረቀት የምትሸጥ ይመስላታል እንጂ ሰዉ እሷ ጋ የሚመጣው የማይደገም ቀን ይዞ ነው። ይሄን ዓይን ጨፍኖ ማግኘት ከባድ ነው።

ደረጃ 2፦ ሌሎችን ጠይቁ፣ ግን ይሉኝታን ዙሩት

ደብተሩ ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። ቀሪው ያለው ደንበኛና ሰራተኛ ጋ ነው፣ እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ጣጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛን "አገልግሎታችን እንዴት ነው?" ብትሉት "ኧረ በጣም አሪፍ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላችኋል፣ በሚቀጥለው ወር ግን ጎረቤት ጋ ያሳትማል። ሰራተኛን ሰብስባችሁ "አስተያየት አላችሁ?" ብትሉ ሁሉም ጫማውን ያያል። ፎርም ብትበትኑ ደግሞ ሁሉም 5 ከ5 ይሞላል፣ የእጅ ጽሑፉን ታውቁታላችኋ!

ስለዚ አስተያየት አትጠይቁ፣ ታሪክ ጠይቁ። "መጨረሻ ላይ እኛ ጋ የመጡ ቀን ምን ተፈጠረ? ከበር ጀምረው ይንገሩኝ" በሉ። ሰው ሊያማ አይፈልግም እንጂ የሆነውን መተረክ ይወዳል። በትረካው መሀል ደንበኛዋ "እና ከዛ ልጁ ስልክ ያወራ ስለነበር ትንሽ ጠበቅኩ" ትላለች፣ ያቺ "ትንሽ" 40 ደቂቃ ልትሆን ትችላለች፣ ቀስ ብላችሁ አስመንዝሯት።

ሁለተኛ፣ ከናንተ ውጪ ያለ ሰው ይጠይቅላችሁ። የሚያከብሩት ጎረቤት ነጋዴ፣ ወይ ከስራው ጋ ንክኪ የሌላት እህታችሁ። ሦስተኛ፣ የለቀቁትን ሰራተኞች። ከለቀቀ 6 ወር ያለፈው ሰው ቂሙ በርዶለታል፣ ደመወዙም በእጃችሁ አይደለም፣ ቡና ጋብዙትና ዝም ብላችሁ ስሙ። መከላከል የለም፣ "እሱማ እኮ የዛን ጊዜ..." ብሎ ነገር የለም። መከላከል የጀመራችሁ ደቂቃ ወሬው አለቀ።

ለሁሉም የምትጨምሩት አንድ ጥያቄ አለ፦ ነገ ቦታችን በኮሪደር ልማት ተነስቶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ብንሄድ ትከተሉናላችሁ? ለምን? ይሄ ጥያቄ ለፒያሳና ለካዛንቺስ ሰው ጨዋታ አይደለም፣ ብዙ ነጋዴ በእውኑ ተፈትኖበታል። "አይ፣ ለቅርበቱ ነበር" ካሏችሁ ያላችሁ ሎኬሽን ብቻ ነው ማለት ነው። መራራ ነው ግን ከዛ መጀመር ይቻላል።

ደረጃ 3፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ለማን፣ ምን፣ እንዴት አድርገን። በቃ። የማተሚያ ቤቷ እንዲ ሊሆን ይችላል፦ "ሰዎች የማይደገም ቀናቸው በኛ ምክንያት እንዳይበላሽባቸው፣ የታዘዝነውን ሳይሳሳት ከቀኑ በፊት እናስረክባለን።"

"በምስራቅ አፍሪካ ተመራጭ የህትመት ድርጅት መሆን" የሚለው ዓላማ አይደለም፣ ምኞት ነው፣ ተመራጭ ለመሆን የማይፈልግ አለ እንዴ? መፈተኛው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ለአዲሱ ተላላኪ ልጅ አንብቡለትና "በዚህ መሰረት ዛሬ ምን እንቢ ማለት አለብን?" በሉት። መልስ ካጣ እንደገና ጻፉ። የኛዋ ላይ ወዲያው መልስ አለ፦ ከነገ ወዲያ ሠርግ ያለው ሰው ዛሬ 500 ካርድ ቢያዝና ማሽኑ የማይደርስ ከሆነ ብሩ ቢያጓጓም አንቀበልም።

ደረጃ 4፦ እሴቶቹን ከነወጪያቸው ጻፉ

ከ4 አይብለጡ፣ 3 ቢሆኑ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ "ይሄን እናደርጋለን፣ ይሄን ቢያሳጣንም" በሚል ቅርጽ ይጻፍ። "ታማኝነት" ብሎ ቃል ብቻ መጻፍ ክልክል!

ለምሳሌ "ቃላችንን እንጠብቃለን" የሚለውን እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑ በገበያ ይወሰን ሲል ምን እንደተፈጠረ ታስታውሳላችሁ፣ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ወረቀትና ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሰኔ ላይ ቀብድ የተቀበላችሁበት ትዕዛዝ ነሐሴ ላይ ሲደርስ በድሮው ዋጋ ታስረክባላችሁ ወይስ ደንበኛውን ጠርታችሁ ጨምር ትሉታላችሁ? የሁለቱም ወገን ሰው አይቻለሁ፣ ሁለቱም የየራሱ ምክንያት አለው። የከሰረ ድርጅት ለማንም ቃሉን አይጠብቅም የሚለውም ውሸት አይደለም።

እዚህ ጋ ነው ጥሩ መሪ ከሰባኪ የሚለየው። ልትሸከሙት የማትችሉትን እሴት አትጻፉ፣ የምትሸከሙበትን አሰራር ግን ቀድማችሁ ስሩ። እንዲ አድርጉት፦ "50% ቀብድ የተቀበልንበት ዋጋ አይቀየርም፣ ቢያከስረንም።" እንዳያከስራችሁ ደግሞ ፕሮፎርማው ላይ "ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ5 ቀን ነው" ብላችሁ ጻፉ፣ ቀብዱ በገባ ማግስት ወረቀቱን ግዙ፣ ቀብዱን ለቤት ኪራይ አታውሉት። አብዛኛው ቃል የሚፈርሰው በክፋት አይደለም፣ ቀብዱ ሌላ ቀዳዳ ስለደፈነ ነው።

ሁለተኛ እሴት፦ "ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ እናስተካክላለን፣ ጥፋተኛ ኋላ እንፈልጋለን።" ይሄም ወጪ አለው፣ ስለዚ ከያንዳንዱ ትልቅ ስራ ትንሽ ነገር ለይታችሁ ለድጋሚ ማሳተሚያ አስቀምጡ። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ደንበኛው ናሙናው ላይ እያንዳንዱን ስም በጣቱ እየነካ አንብቦ ይፈርም፣ በተለይ የአባት ስምና የአዳራሹ ስም ላይ። በቴሌግራም ፎቶ ልካችሁ ደንበኛው "ኦኬ" ቢላችሁ አይቆጠርም፣ ማንም በስልክ ስክሪን ላይ "ሐ" ይሁን "ኀ" አይለይም።

ሦስተኛው ሰራተኛን ይመለከት፣ ደረጃ 6 ላይ እንመጣበታለን።

ደረጃ 5፦ ደረሰኝና ጉዳይ

ስለ እሴት የሚጻፉ ነገሮች ይሄን ርዕስ ሲዘሉት ይገርመኛል፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ በሳምንት ስንት ጊዜ የሚፈተነው እዚሁ ላይ ሆኖ ሳለ።

"ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?" ይላል ደንበኛው። ቫት 15% ነው፣ ጎረቤታችሁ ያለ ደረሰኝ ይሸጣል፣ ደንበኛው ፊታችሁ ቆሟል። ይሄን ውሳኔ ካሸር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ብቻዋን እንድትወስን አትተዉአት። መልሱን ጽፋችሁ አለማምዷት፦ "የኔ እህት፣ ዋጋችን ከነቫቱ ይሄ ነው። ካስወደደብሽ ወረቀቱን ቀለል እናርገው ወይ ቁጥሩን እንቀንሰው።" እምቢታው ላይ ሌላ መንገድ ስታክሉበት ሰው አይቀየማችሁም። የተወሰነ ደንበኛ ይሄዳል፣ አይ አይሄድም ብዬ አልዋሻችሁም። በምትኩ ግን ደረሰኝ የግድ የሚላቸውን ፈልጉ፦ ትምህርት ቤቶች፣ ኤንጂኦዎች፣ ኤምባሲዎች፣ ትልልቅ ድርጅቶች። ሴልስ ሰራተኛችሁ ጊዜዋን እነሱ ላይ ታጥፋ።

ጉዳይ ደግሞ አለ። አብዛኛው ባለቤት ጉቦ በእጁ ሰጥቶ አያውቅም፣ ጉዳይ ገዳይ ይቀጥራል። "ሁሉንም ጨርስልኝ፣ ስንት ነው?" ይለዋል፣ በድምሩ ይከፍላል፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፣ ማታ ሰላም ይተኛል። ሰራተኞቹ ግን ያውቃሉ። "አለቃችን ሐቀኝነት ሲል ራሱ እጁን አያቆሽሽም ማለቱ ነው" የሚል ትምህርት ወስደዋል። ስለዚ ደንቡ ይሄ ይሁን፦ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው የድካሙ ዋጋ ለብቻ፣ የመንግስት ክፍያ ለብቻ በደረሰኝ፤ በጥቅል መክፈል የለም።

ከዛ ግን ተግባራዊው ነገር ካላንደር ነው። ጉቦ በብዛት የሚበላው ያረፈደን ሰው ነው። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ስድስት ወር ሙሉ! እናንተ ግን ታኅሣሥ 28 ላይ ከተነሳችሁ፣ አንድ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ጎደለ ሲባል ላብ ያጠምቃችኋል፣ ያኔ "ሻይ ነገር" የሚለውን ሰው ለመስማት ጆሯችሁ ይቆማል። አካውንታንታችሁ ጋ ተቀምጣችሁ የዓመቱን ቀነ ገደቦች በሙሉ አውጡና እያንዳንዱን ከ45 ቀን በፊት አስቀድማችሁ ካላንደር ላይ አስገቡ። ይሄ አሰልቺ ስራ ከአንድ የሥነ ምግባር ስልጠና ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ ደመወዝ፣ ታርጌትና ቅጥር

ሰራተኛ እሴታችሁን የሚያነበው ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያው) ላይ ነው። ስለ "ቤተሰብ ነን" ከማውራታችሁ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ ረጅም አይደለም። መደበኛ ስራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። ጡረታ ከሰራተኛው 7%፣ ከናንተ 11%። የወሊድ እረፍት 120 ቀን። ጥር ላይ ሠርግ ሲደራረብ ልጆቹን እስከ ሌሊት አሰርታችሁ በእራት ግብዣ የምትሸኙ ከሆነ እሴታችሁ ምን እንደሆነ እነሱ ቀድመው አውቀውታል። ሕጉን መጠበቅ ወለሉ ነው፣ ገና እሴት አልተባለም።

ቀጥሎ ታርጌት። ዌልስ ፋርጎ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ለቅርንጫፍ ሰራተኞቹ በየቀኑ ይሄን ያህል አካውንት ሽጡ የሚል ጫና ጣለባቸው፣ ሰራተኞቹ ደንበኛ ሳያውቅ አካውንት መክፈት ጀመሩ። በፈረንጆቹ 2016 ሲጋለጥ ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል ተባለ፣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ 5,300 ገደማ ሰራተኛ ተባሮ ነበር፣ ዋና ስራ አስፈጻሚውም ብዙ ሳይቆይ ለቀቀ። የባንክ ሰራተኛ የሆነ ጓደኛ ያለው አዲስ አበቤ ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር "እባክህ አካውንት ክፈትልኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብር አስቀምጥልኝ" የሚል ስልክ ደርሶታልና።

ስለዚ እያንዳንዱን ታርጌት ወስዳችሁ ጠይቁ፦ አንድ የተጨነቀ ሰው ይሄን ቁጥር በአቋራጭ ሊሞላ ቢፈልግ የትኛውን እሴታችንን ይጥሳል? የማተሚያ ቤቷ ሴልስ ኮሚሽን የሚከፈላት ትዕዛዝ ስታመጣ ከሆነ የማይደርስ ትዕዛዝም ትቀበላለች፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ኮሚሽኑን በቀኑ ከተረከበ ስራ ላይ አድርጉት፣ ጠባይዋ በአንድ ወር ይቀየራል።

ቅጥር ላይ፣ ዘመድ። የአጎት ልጅ መቅጠር ወንጀል አይደለም፣ እኛ አገር ሰው በዘመዱ ነው ከተማ የሚገባው። ግን ሌላ ሰው ኢንተርቪው ያድርገው፣ ደመወዙ እንደ እኩዮቹ ይሁን፣ የቅርብ አለቃውም እናንተ አትሁኑ። ይሄን ለእናታችሁ ማስረዳት ከባድ ነው፣ "ደንቡ ነው እማዬ፣ ለኔም አልቀረ" በሏት።

ደረጃ 7፦ ደንቡ መጀመሪያ እናንተን ይንካ

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባል የለ። ሰፈራችሁ ያለውን ዕድር እዩት፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ስብሰባ ሲያረፍድ ቅጣት ይከፍላል፣ ጸሐፊው ይመዘግብበታል፣ ማንም አይደነግጥም። እኛ ቢሮ ውስጥ ግን ባለቤቱ 4 ሰዓት ገብቶ 2:35 የገባችውን ልጅ ይቆጣል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት እየሰማ ላደገ ሰራተኛ አለቃ ደንብ ሲከፍልበት ማየት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

የማድረጊያው መንገድ፦ ሰኞ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ቆማችሁ። አንድ አጀንዳ ብቻ፣ ባለፈው ሳምንት ደንባችን የት ጋ አስቸገረን? መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፣ ስለራሳችሁ ነው። ከዛ ወጣቶቹ፣ ትልልቆቹ በመጨረሻ፣ ምክንያቱም ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ማንም አይቃወምም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰኞ ዝምታ ነው፣ አትሙሉት። አንድ ቀን አንዷ "ያ ደንበኛ ያለ ደረሰኝ ይሁን ሲሉ እርስዎ እኮ እሺ ብለዋል" ትላለች። የዛን ቀን ፊታችሁ ላይ የሚነበበው ነገር የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት ይወስናል። "ልክ ነሽ፣ ዛሬውኑ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ቫቱን እኔ እሸፍናለሁ" ማለት ነው፣ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ከባዱ ቀን ሳይመጣ ማን እንደሚወስን ይታወቅ

መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ 157 ሰው አለቀ። አየር መንገዱ ምክንያቱ ተጣርቶ እስኪያልቅ አልጠበቀም፣ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ ከአደጋው ቀን ጀምሮ የቀሩትን ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኖቹን ከበረራ ማገዱን ተናገረ። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለስልጣን ያገደው በመጋቢት 4 ነው። አየር መንገዱ ማክስን ወደ መንገደኛ በረራ የመለሰው በ2014 ጥር ማብቂያ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ የቆመ አውሮፕላን ደግሞ ወጪ ነው። ግን ያኔ ሐዘን ላይ ሆኖ ያንን ለመወሰን "ደህንነት ከሁሉ ይቀድማል" የሚለው ነገር ቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት፣ በዛች ሰዓት ኮሚቴ አይቋቋምም።

የአሜሪካው መድኃኒት አምራች ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም በፈረንጆቹ 1982 ቺካጎ አካባቢ ሰው ሳያናይድ የሚባል መርዝ ጨምሮበት 7 ሰው የሞተበትን ታይሌኖል የተባለ ህመም ማስታገሻ ከመላ አሜሪካ ሲሰበስብ 31 ሚሊዮን ገደማ ብልቃጥ ነበር፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ። ከፈረንጆቹ 1943 ጀምሮ የተጻፈ የመርህ ሰነድ ነበራቸው። ያው ኩባንያ ኋላ ላይ በሕፃናት ፓውደሩ ጉዳይ በሺዎች የሚቆጠር ክስ ቀርቦበታል፣ ስለዚ አንዴ ጥሩ መወሰን የዕድሜ ልክ ሰርተፊኬት አይደለም።

ለናንተ፦ አንድ ገጽ ወረቀት። በስራችሁ ሊመጡ የሚችሉ ሦስት ክፉ ቀናት፣ ያኔ ማን ስራ ማስቆም እንደሚችል፣ ሳያስፈቅድ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል። ማተሚያ ቤቷ ውስጥ ማሽኑን የያዘው ልጅ ናሙናው ላይ ፊርማ ካላየ ባለቤቷ ራሷ "ቶሎ በል" ብትለውም ማሽኑን ያለማስነሳት መብት አለው። እስከ 10,000 ብር ለሚሆን ማስተካከያ ደግሞ ስልክ መደወል አይጠበቅበትም።

ደረጃ 9፦ በየሩብ ዓመቱ ቁጠሩ

ከሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት ተከተሉ፣ ሂሳቡም እዛው ስለሆነ። በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዱ እሴት አንድ ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ ይሄ ደንብ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ብር አስወጣን? ዜሮ ከሆነ ወይ አልተፈተነም ወይ አልተከበረም፣ ሰራተኞቹን ጠይቁ፣ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። ቁጥሩ በጣም ካበጠ ደግሞ ደረጃ 4 ላይ የሰራችሁት አሰራር ቀዳዳ አለው፣ እሴቱን ከመጣላችሁ በፊት ቀዳዳውን ፈልጉ።

ሸሪክ ካላችሁ

እስካሁን ብቻችሁን የምትወስኑ አስመስዬ ነው የጻፍኩት። ሸሪክ ካለ ይሄን ሁሉ ደረጃ 1 ላይ አብራችሁ ጀምሩ፣ ሁለታችሁም ለየብቻ ደብተሩን አገላብጡና ዝርዝራችሁን አነጻጽሩ። ካልተገጣጠመ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል። ከተገጣጠመ በቃል አትተዉት። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የማኅበራችሁን መመስረቻ ጽሑፍ እንድታሻሽሉ ይፈቅዳል፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም የቻለውም በሱ ነው። ቢያንስ ሁለት ነገር እዛ ውስጥ ይግባ፦ ትርፍ ከመከፈሉ በፊት ለስህተት ማረሚያ የሚቀመጠው መቶኛ፣ እና አንዱ ሸሪክ ብቻውን ሊያነሳቸው የማይችላቸው ደንቦች። ጠበቃ ይየው። ሸሪካችሁ "ይሄ ደግሞ መጻፉ ምን ያደርጋል፣ እንተማመን የለ" ካለ፣ ቢያንስ በመካከላችሁ ባለ የውስጥ ስምምነት ላይ እንዲፈርም ጠይቁት፣ እሱንም እምቢ ካለ የትኛው መስመር እንዳስከፋው ጠይቁና በዛ ላይ ተነጋገሩ።